«ከየት ነው ያወጣው?»፦ የአንዲት የ6 ዓመት ልጅና የአንድ ጥርስ ጉዳይ

ጉዳዩ ትንሽ ነው። ድንገተኛ ክፍል አላደረሰንም፤ ማንም አልተጎዳም። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው አምስት ሳምንት ፈጀ፤ ያለቀውም የትንሿን ጣቴን ጥፍር እኩሌታ በማታህል ጥርስ ነው። እንድጽፈው ያደረገኝ ከአምስቱ ሳምንታት ሦስቱን እኔና ባለቤቴ የሌለ በሽታ ስናክም መክረማችን ነው። መድኃኒት ብለን የሰጠነው ነገር ደግሞ ልጅቷን ያባብስባት ነበር።

ስም አልጠቅስም። ቤት ውስጥ ትልቋን ሚጡ፣ ትንሹን ማሙሽ ነው የምንላቸው፤ እዚህም እንደዚያው ይሁኑ። ነገሩ ሲጀመር ሚጡ 6 ዓመት ከ2 ወሯ፣ ማሙሽ 7 ወሩ ነበር።

እኔ ማስታወሻ የምይዝ አባት ነኝ። ሚጡ ከተወለደች ጀምሮ አንድ ሰማያዊ ደብተር አለኝ። መጀመሪያ ፈገግ ያለችበት ቀን፣ በሆዷ የተገለበጠችበት፣ ሦስት እርምጃ ሄዳ በቂጧ የተቀመጠችበት፣ ሁሉም ከነቀኑ አለ። ማሙሽ ሲመጣ የእሱንም እዚያው ደብተር ላይ ቀጠልኩ። እንዲህ የሚያደርግ አባት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1839 የበኩር ልጁ ሲወለድ ልጁ መቼ እንደተቆጣ፣ መቼ እንደፈራ፣ መቼ እንደሳቀ መመዝገብ ጀምሮ፣ ከ37 ዓመት በኋላ በ1877 አሳትሞታል። ደብተር ጥሩ ነገር ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ የሚጽፈው ሁልጊዜ አባትየው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት

ባለቤቴ ማሙሽን በማንኪያ እያጎረሰችው ነበር። ድንገት ማንኪያው አፉ ውስጥ «ቅጭ» አለ። እሷም ቀጥ አለች። እንደገና ነካ አደረገችው። ቅጭ።

«ጥርስ! ማሙሽ ጥርስ አወጣ!»

እኔ ከመኝታ ቤት እየሮጥኩ መጣሁ። የታች ከንፈሩን ዝቅ አድርገን አየን። ድዱ ላይ የጨው ቅንጣት የምታህል ነጭ ነጥብ አለች። የታች የፊት ጥርሶች ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ብቅ ስለሚሉ ልጁ በሰዓቱ ነው የደረሰው። ፎቶ ተነሳ። እናቴ ጋ ተደወለ። ደብተሩ ላይ «ቅዳሜ። የታች የፊት ጥርስ። ማንኪያው ቅጭ አለ» ብዬ ጻፍኩ።

ሚጡ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁርስ እየበላች ነበር። ምን እንዳለች፣ ፊቷ ምን እንደሚመስል አላስታውስም። ደብተሩም አያውቅም።

ያየነው

በዚያው ሳምንት ዳቦ መግመጥ ተወች። በጣቷ እየቆራረሰች፣ ቁራሿን ወደ ጎን ጉንጯ ወስዳ ታኝካለች። ካሮት ሳህኗ ላይ መቅረት ጀመረ። «ምነው?» ስንላት መልሷ «ጠገብኩ» ነው።

ጥርሷን ስትቦርሽ በር መዝጋት አመጣች። ድሮ አረፋውን ካላሳየችን ከመታጠቢያ ቤት የማትወጣ ልጅ ናት። ስታወራ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ፎቶ ልናነሳት ስንል ከንፈሯ ግጥም ይላል። መምህሯም «ሰሞኑን ድምፅዋ አይሰማም» ብላ ጠየቀችን።

ከሁሉም የገረመን ግን የእጅ ባትሪው ነው። ማሙሽ ምንጣፍ ላይ በጀርባው ተኝቶ ሲስቅ ሚጡ ከአጠገቡ ተኝታ ባትሪ እያበራች አፉን ታየዋለች። ዝም ብላ፣ ለረጅም ጊዜ። እኛ «የጥርስ ሐኪም ልትሆን ነው» እየተባባልን ስቀናል። አንዴ ለክፍል ሥራ ቤተሰቧን ሣለች። የሦስታችን አፍ ቀጥ ያለ መስመር ነው። የማሙሽ ብቻ ተከፍቷል፤ ውስጡ ፊቱን የሚያክል አንድ ጥርስ አለ።

ከዚያ ደግሞ የጫማው ነገር አለ። ሲጠባት ለማሙሽ ብለን ካርቶን ውስጥ ያስቀመጥናቸው ሁለት ጥንድ የድሮ ጫማዎቿ ጠፉ። ከአልጋዋ ሥር፣ ግድግዳው ጥግ፣ በፎጣ ተጠቅልለው አገኘናቸው።

በሁለተኛው ሳምንት እናቴ እየሳቀች ደወለች። «ልጅህ ዛሬ ጉድ ሠራችኝ» አለችኝ። ሚጡ አጠገቧ ተቀምጣ አፏን ስታያት ቆይታ፣ «እማማ፣ የአንቺን ጥርስ ማን ወሰደው?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴም «እርጅና ወሰደው ልጄ» አለቻት። እኔም ሳቅኩ። የልጅ አፍ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

መልሱ እጄ ላይ ነበር። ሳቅኩበት።

የሰጠነው ስም

እኔና ባለቤቴ አንድ ማታ ተቀምጠን ተመካከርን። ሁለታችንም ከአፋችን የወጣው ቃል አንድ ነበር፤ ቅናት። አምስት ዓመት ተኩል ብቻዋን የነገሠች ልጅ ታናሽ መጣባት፤ ሌላ ምን ይሆናል? መብላት የቀነሰችው፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችው፣ የድሮ ጫማ የደበቀችው ሁሉ እዚያ ውስጥ ገባልን።

ቅናት የሚለው ቃል ምቾቱ ይገርመኛል። አንዴ ከተናገሩት ልጁን ሌላ ነገር መጠየቅ አያስፈልግም። ቃሉ ውሸት ነበር አልልም፤ ሚጡ ትቀናለች፣ የማይቀና ታላቅም አላውቅም። ግን እንዲህ ያለ ሰፊ ቃል ምንም ነገር ቢጥሉበት ይይዛል። ለዚህ ነው ዛሬ የማላምነው።

ሕክምናውን ጀመርን። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ከእኔ ጋር ብቻዋን፤ ይሄ መልካም ነበር፣ እስካሁንም አልቀረም። ሁለተኛው መድኃኒት ግን ትልቅነቷን ማድነቅ ነበር። «አንቺ እኮ ትልቅ ነሽ!» «ትልቅ ልጅ እንዲህ አታደርግም!» ጠዋትም ማታም «ትልቅ» ሆነ ነገሩ።

በኋላ ቁጭ ብለን ቆጠርን። ማሙሽ ከመወለዱ ትንሽ ቀደም ብሎ እስከዚያ ሳምንት ድረስ ሚጡን «ትልቅ ሆነሻል፣ ይሄ አነሰሽ፣ ለማሙሽ ይሁን» ያልናት ዘጠኝ ጊዜ ነው። ባለ አጥሩ አልጋ። መታጠቢያ ሳፋው። ጥንቸል ያለበት ብርድ ልብስ። ከፍ ያለው ወንበር። ሰማያዊው ኩባያ። ሌላም ሌላም። ሁሉም በፈገግታ፣ ሁሉም በምርቃት መልክ። «ትልቅ ነሽ» በተባለ ቁጥር አንድ ነገር ከእሷ ወጥቶ ወደ እሱ ሄዷል። እና እኛ ለልጅቷ ጭንቀት ያዘዝነው መድኃኒት ይህንኑ ቃል በቀን አሥር ጊዜ ነበር።

ማክሰኞ ማታ

በሦስተኛው ሳምንት ማሙሽ ከሳሎን ጮኸ። የረሃብ ወይም የእንቅልፍ ጩኸት አልነበረም። ስገባ ሚጡ ላዩ ላይ ጎንበስ ብላለች። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ያችን አንዲት ጥርስ ቆንጥጣ ይዛለች።

በሕይወቴ አውጥቼው በማላውቀው ድምፅ ጮህኩባት። «ምን ልታደርጊ ነው?!»

«እያየሁ ነው።»

«በጣት ነው የሚታየው? ሂጂ ግቢ!»

ገባች። አላለቀሰችም። ማሙሽ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እየሳቀ ነበር፤ ድዱ ላይ ምንም የለም። እኔ ግን ደብተሩን አውጥቼ «ሚጡ ዛሬ ማሙሽን ጎዳችው። ቅናቱ ብሷል» ብዬ ጻፍኩ። ያ ዓረፍተ ነገር ዛሬም አለ። አልሰረዝኩትም።

በጨለማ

ከሁለት ቀን በኋላ መብራት አጥፍቼ ከአልጋዋ ጫፍ ልነሳ ስል ጠራችኝ።

«አባዬ።»

«ወዬ።»

«ከጥርስ ቀጥሎ ምንድን ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ከጥርስ ቀጥሎ የሚወስደው።»

አልገባኝም። ዝም አልኩ። እጄን በጨለማ ፈልጋ ያዘችው፤ ሌባ ጣቴን ለይታ አፏ ውስጥ አስገባችው። የታች የፊት ጥርሷ ላይ አሳረፈችውና ገፋ አደረገችው። ጥርሷ ወዲህ ወዲያ አለ፤ ክሩ እንደላላ የሸሚዝ ቁልፍ።

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። የመጀመሪያ ጥርስ! ሰማያዊው ደብተር ፊቴ ላይ ተገለጠ። «ሚጡዬ! እንኳን ደስ...» ብዬ ስጀምር የእጄ ጀርባ ረጠበ። እያለቀሰች ነው። ድምፅ የለውም፤ እንባው ብቻ ነው የሚወርደው።

«መቼ ነው መነቃነቅ የጀመረው?»

«ማሙሽ የወሰደው ቀን።»

«ምኑን የወሰደው ቀን?»

«ጥርሴን!» አለች፤ እስካሁን ይህን ማወቅ ያቃተኝ ሰው እንዴት ያለሁ ደደብ ነኝ በሚል ቃና።

እዚህ ጋ ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው «የለም የኔ ቆንጆ፣ ጥርስ አይወሰድም፣ ተኚ» ማለት። ልለውም አፌን ከፍቼ ነበር። ግን የምለው ጠፍቶኝ «እንዴት ወሰደው?» አልኳት።

ነገሩን የፈታው ይህ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ስለ እሱ ትንሽ ላውራ። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ (1896–1980 እ.ኤ.አ.) ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ሳለ ፓሪስ ውስጥ ልጆችን የአስተሳሰብ መለኪያ ጥያቄ እየጠየቀ መልሳቸውን የሚያርም ሥራ ይዞ ነበር። የሚፈለግበት ትክክለኛውን መልስ መቁጠር ነው። እሱን የሳበው ግን ስህተቱ ሆነ። ተቀራራቢ ዕድሜ ያላቸው ልጆች የሚሳሳቱት በዘፈቀደ አልነበረም፤ ስህተታቸው ይመሳሰላል፣ የራሱ ሥርዓት አለው። ስለዚህ መልሱን አርሞ ከማለፍ ይልቅ «እንዴት አወቅህ?» እያለ ልጁን መከተል ጀመረ። ቀሪ ዕድሜውንም በዚሁ ገፋ። እኔ ያን ማታ ፒያዤ ትዝ ብሎኝ አልነበረም። የምለው ስለጠፋኝ ነው። ውጤቱ ግን አንድ ሆነ፤ ልጅቷ ማስረጃዎቿን አንድ በአንድ ዘረገፈችልኝ።

ማስረጃዎቿ

አንደኛ፣ ቦታው። የእሱ ጥርስ የወጣው ታች፣ ፊት ለፊት ነው። የእሷም የሚነቃነቀው ታች፣ ፊት ለፊት። በባትሪ አረጋግጣለች። (እዚህ ላይ ፍጹም ትክክል ናት። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚበቅሉት የታች የፊት ጥርሶች ናቸው፤ መጀመሪያ የሚወልቁትም እነሱው።)

ሁለተኛ፣ ጊዜው። እሱ ባወጣበት ሳምንት የእሷ ላላ።

ሦስተኛ፣ መጠኑ። «የእሱ በየቀኑ ይረዝማል። የእኔ በየቀኑ ይላላል።» ይህንንም በባትሪ ተከታትላዋለች።

አራተኛው እኛ ራሳችን የተናገርነው ነው። ባለቤቴ ያን ቅዳሜ የጮኸችው «ማሙሽ ጥርስ አወጣ!» ብላ ነው። እኛ ትልልቆቹ ይህን ስንሰማ ጥርስ በቀለ ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ሚጡ ግን «አወጣ» የምትለውን ቃል ከሌላ ቦታ ነው የምታውቃት። አሻንጉሊት ከሳጥን ይወጣል። ሳንቲም ከኪስ ይወጣል። ያወጣው ሰው ከአንድ ቦታ ነው የሚያወጣው። «ከየት ነው ያወጣው ብዬ አሰብኩ» አለችኝ። አሰበችና መልሱን አፏ ውስጥ አገኘችው።

አምስተኛውን ስትነግረኝ ግን ሆዴ ባባ። ማሙሽ ከተወለደ ጀምሮ ቤታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚባል አንድ ነገር አለ። «ዓይኑን ከእናቱ ወስዷል።» «አፍንጫውን ከአባቱ ወስዷል።» ሚጡ እየሰማች ነው። አንዲት ዘመዳችን ደግሞ ልታጫውታት ብላ፣ «ከአንቺስ ምን ወሰደ?» ብላታለች። ቀልድ ነበር። ሁላችንም ስቀን አልፈነዋል። ልጅቷ ግን ጥያቄውን ይዛ ስትጠብቅ ከርማለች። አንድ ቀን የሆነ ነገር እንደሚወስድ ታውቅ ነበር።

ዘጠኝ ዕቃ ሄዷል። እቅፉም፣ የማታው ተረትም እኩሌታው ሄዷል። ቀጥሎ ከአካል መጀመሩ ለእሷ እንግዳ አልሆነባትም። አያቷም ቢሆኑ አንድ የሚወስድ ነገር እንዳለ አረጋግጠውላታል።

እኔም በተራዬ ልከራከራት ሞከርኩ። «ክፍላችሁ ውስጥ ጥርሳቸው የወለቀ ልጆች የሉም?»

«አሉ። ታናሽ አላቸው።»

«ታናሽ የሌለው የለም?»

ትንሽ አሰበች። «አንዱ የለውም። እናቱ ሆድ ውስጥ ይሆናል።»

ይህን እየጻፍኩ ስቄያለሁ። ያን ማታ ግን አልሳቅኩም። ንድፈ ሐሳቧ ቀዳዳ አልነበረውም። ማክሰኞ ማታ ጣቷ የማሙሽ አፍ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበርም ያኔ ነው የገባኝ። ልትጎዳው አልነበረም። ንብረቷን ልታስመልስ ነበር።

«ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

«ትልቅ ነሽ፣ ለማሙሽ ይሁን ትሉኛላችሁ ብዬ።»

ሐኪሟ ጋ

በማግስቱ ለባለቤቴ ስነግራት ማንኪያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ «እኔ ነኝ የጮህኩት» አለች። ጥፋቱን መከፋፈል ጀመርን፤ ባልና ሚስት ሲደነግጡ እንደሚያደርጉት።

ሚጡ ለሁለታችንም ማብራሪያ ብዙም አልተማረከችም። እኛ ባለጉዳዮች ነን፤ በእኛ በኩል የሚመጣ ምስክርነት አያስተማምንም። ስለዚህ በአራተኛው ሳምንት የጥርስ ሐኪም ጋ ወሰድናት። ለሕክምናው ግድ አልነበረም። የወተት ጥርስ 6 ዓመት ገደማ ላይ መነቃነቁ የሚጠበቅ ነው፤ አንዳንዱ 5 ላይ፣ አንዳንዱ 7 ላይ ይጀምራል። ልጁ ወድቆ ወይም ተመትቶ ጥርሱ ከተነቃነቀ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ሐኪም ማየት አለበት።

ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሕፃን ልጅ መንጋጋ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ነበር። አጥንቱ ተገልጧል። ከላይ የሚታዩት የወተት ጥርሶች፣ ከሥራቸው ደግሞ ገና ያልወጡት ትልልቆቹ አንገታቸውን ደፍተው ተደርድረዋል። ሚጡ ወንበሩ ላይ ከመውጣቷ በፊት ሄዳ ፊቱ ቆመች። «ፎቅ ነው» አለች።

ሐኪሟ ብልህ ናት። «አፍሽን ክፈቺ» አላለቻትም። የእጅ መስታወት ሰጥታት አጠገቧ ቆመች። የወተት ጥርሶች 20 እንደሆኑ፣ ሁሉም በየተራ እንደሚተኩ፣ ከኋላ ሌሎች 12 ተጨምረው በመጨረሻ 32 እንደሚሞሉ ሥዕሉ ላይ እያሳየች ነገረቻት። ሚጡ ይህን ሁሉ በትዕግሥት አዳመጠች። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባች።

«ማሙሽ የእሱን ከየት ነው ያወጣው?»

ሐኪሟ አየችኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ።

«ከራሱ ድድ። የእሱ ጥርስ መጠንከር የጀመረው እናታችሁ ሆድ ውስጥ ሳለ ነው። ገና በአራተኛው ወር ገደማ።»

«የእኔ አዲሱስ?»

«አንቺ ሦስት አራት ወር ሲሆንሽ ጀምሯል። እስከ ዛሬ እዚያው ታች ሆኖ እያደገ ነው።»

ሚጡ መስታወቱን ዝቅ አደረገች። ስታሰላ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «ያኔ ማሙሽ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«ሐሳቡም አልነበረም» አልኩ እኔ። ማንም አልሰማኝም።

«ማሙሽስ ሁለተኛው ጥርሱ አሁን ውስጥ አለ?»

«መሠራት ጀምሯል።»

«ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«አትንገሩት» አለች፤ ሦስታችንንም እያየች።

አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። ሥዕሉ ላይ የወተት ጥርሶቹ ረጃጅም ሥር አላቸው፤ ክፍሏ ውስጥ ያየቻቸው የወለቁ ጥርሶች ግን ሥር የላቸውም። «ሥሩን ማን ወሰደው?» ብላ ጠየቀች። ወሰደ የምትለዋ ቃል ተመልሳ መጣች። እኔ ወንበሬን ጨበጥኩ።

«ራስሽ» አለች ሐኪሟ። «አዲሱ ጥርስ ከሥር ወደ ላይ ሲመጣ ሰውነትሽ የድሮውን ሥር ቀስ በቀስ እያሟሟ መልሶ ይወስደዋል። ለዚህ ነው የላላው።»

ከሐኪሟ ጋ ስንወጣ ሚጡ ዝም ብላ ነበር። ደረጃው ላይ ስንደርስ በምላሷ ጥርሷን ስትገፋው አየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት።

በነገራችን ላይ ሐኪሟ እግረ መንገዷን ያሳየችን ነገር አለ። ከኋላ፣ ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ ጀርባ፣ የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ በሁለት ጫፎቹ ድዱን ሰንጥቆ ብቅ ብሏል። ማንንም ሳይተካ፣ ማንም ሳያጨበጭብለት። ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለውና ቢበሰብስም ግድ አይለውም፤ ዕድሜ ልክ የሚቆየው ግን እሱ ነው። ደብተሬ ውስጥ ስለዚህ ጥርስ አንዲት ቃል አልነበረችም።

ሐሙስ

በአምስተኛው ሳምንት ሐሙስ ከትምህርት ቤት በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። አሥር ደቂቃ ቆየች። ባለቤቴ ልታንኳኳ ተነስታ ነበር፤ ተቀመጪ አልኳት። ስትወጣ ከንፈሯ ጥግ ደም ነበር። መዳፏን ዘረጋችልን።

ትንሽ ናት። ከላይ ነጭ፣ ከታች ባዶ፤ ጠርዟ ላይ ቀይ ነገር። ሚጡ ገልብጣ ወደ ውስጥ አየችና «እውነትም ሥር የላትም» አለች። ከዚያ ማሙሽ ጋ ሄዳ ጥርሷን ከንፈሩ አጠገብ ያዘችለት። የእሱ እዚያው ድዱ ላይ አለ። የእሷ እጇ ላይ አለ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ካየች በኋላ ነው ትከሻዋ የወረደው። ከሐኪሟ ንግግር ሁሉ ይልቅ ያ የበለጠ ያሳመናት ይመስለኛል።

ማታ ደብተሩን አመጣሁ። «ሐሙስ። የሚጡ የመጀመሪያ ጥርስ ወለቀ» ብዬ ጻፍኩ። ከትከሻዬ በላይ ሆና ፊደሎቹን በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«ወለቀ አይደለም።»

«እና ምን ልበል?»

«አወጣች በል።»

ሰርዤ ጻፍኩ።

ቤት ውስጥ የተለወጠው ብዙ አይደለም። «አነሰሽ፣ ለማሙሽ ይሁን» ማለት አቁመናል፤ አሁን እንጠይቃታለን። ወንበሩን በደስታ ሰጠች። ሰማያዊውን ኩባያ አስመለሰች፤ ልትጠጣበት ሳይሆን መደርደሪያዋ ላይ ልታስቀምጠው። እንግዶች አሁንም «ዓይኑን ከእናቱ ወስዷል» ይላሉ፤ የሰውን አፍ ማስቆም አይቻልም። ሚጡ «ይመስላል ለማለት ነው» ብላ ታስተረጉማለች። ካሮት ግን አሁንም አትበላም። ያ ለካ ከጥርሱ ጋር አልተያያዘም ነበር። ጫማዎቹም ከአልጋዋ ሥር አልወጡም። አልጠየቅናትም።

ሌላው ለውጥ ደብተሩ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ እኔ፣ ከመጨረሻው ገጽ ወደ ኋላ ደግሞ እሷ እንጽፋለን። መጻፍ ገና እየተማረች ስለሆነ ግማሹን ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድም ቃል መለወጥ አይፈቀድልኝም። እስካሁን ካስጻፈችኝ ጥቂቱ ይኸው፤ አንዱም በእኔ በኩል አልተመዘገበም፦

«መብራት ማጥፊያው ላይ ደረስኩ። ያለ በርጩማ።»

«በክፍተቱ ውሃ ተፋሁ። መስታወቱ ጋ ደረሰ።»

«እማዬ ስልክ እያወራች ስታለቅስ አየኋት። አልጠየቅኳትም።»

«ማሙሽ ሁለተኛ ጥርስ አወጣ። የራሱን።»